የሁክዎርም እጭ ቆዳችንን ሲነካ ምን ይሆናል? መድኃኒቱስ ያልሠራ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «በመራዊ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ ከባሏ ጋር በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች ታለማለች። ኅዳር ላይ በሰገራ ምርመራ ሁክዎርም የሚባለው ደም መጣጭ የአንጀት ትል ተገኘባትና የትል መድኃኒቱን አልቤንዳዞል ዋጠች። መጋቢት ላይ ደግሞ እንደገና ተገኘባት። ያኔ እርግዝና ስለጠረጠረች ሳትውጥ ቀረች። አሁን ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ አፈር ያምራታል። የትሉ እጭ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጂኑን እንደሚለዋውጥ አንብቤአለሁ። መድኃኒቱ ያልሠራው ለዚህ ነው? ጂኑን የሚያጠፋ መድኃኒትስ የለም? እናታችን ኮሶ ትጠጣ ትላለች። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ጎረቤታችን ደግሞ የበጉ አልቤንዳዞል ይበረታል ይላል።»

ምላሽ፦ ከጂኑ በፊት የእህትዎ ደም ይለካ። መገርጣት፣ የልብ ምት መፍጠንና የአፈር አምሮት በአንዲት ነፍሰ ጡር ላይ ሲገናኙ የብረት እጥረት ያመጣው የደም ማነስ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። የአፈር አምሮት የእርግዝና ጠባይ ብቻ ተደርጎ ይታለፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰውነት ብረት ሲያንሰው የሚያሳየው ምልክት ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና ሄሞግሎቢኗ ይታይ። ለነፍሰ ጡር በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች የደም ማነስ ነው፤ ከ7 በታች ከሆነ ሆስፒታል የሚያስልክ ከባድ ሁኔታ ነው። ቁጭ ብላም ትንፋሽ የሚያጥራት ወይም ራሷን የምትስት ከሆነ ደግሞ ሳምንቱን አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይውሰዷት። እስከዚያው ኮሶም የበግ መድኃኒትም ወደ አፏ አይግባ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ጂኑ። እጩ ጂኑን አይለውጥም። ከእንቁላሉ ሲፈለፈል የያዘው ዘረመልና አንጀት ውስጥ ደም ሲመጥ የያዘው ዘረመል አንድ ነው። የሚለወጠው የትኞቹ ጂኖች በሥራ ላይ እንደሆኑና የትኞቹ እንዳረፉ ነው። ጂን ሠራ የምንለው ሴሉ የጂኑን መልእክት ቀድቶ ፕሮቲን ሲያመርትበት ነው። እርስዎ ያደጉበትን የገበሬ ቤት ያስቡት። በሰኔ ሞፈርና ማረሻው ይወርዳሉ፣ ማጭዱ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ይቆያል። በኅዳር ማጭዱ ይወርዳል፣ ማረሻው ያርፋል። አውድማ ላይ ደግሞ መንሽና ላይዳ ይነሳሉ። ገበሬው በየወቅቱ አዲስ ዕቃ አልገዛም፤ ወቅቱ ሲለወጥ እጁ የሚያነሳው ዕቃ ነው የተለወጠው። ለተማሪዎችዎም በዚህ መንገድ ቢያስረዷቸው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም «የጂን ለውጥ» እና «የጂን እንቅስቃሴ ለውጥ» ሲደባለቁ መድኃኒት መላመድን በተመለከተ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ይዛባል።

የእጩን ወቅቶች በቅደም ተከተል እንያቸው። ከሰገራ ጋር ሜዳ ላይ የወደቀ እንቁላል እርጥብ፣ ሞቅ ያለና ጥላ ያለበት አፈር ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የእጭ ደረጃዎች በአፈሩና በሰገራው ውስጥ ባክቴሪያ እየበሉ ያድጋሉ። ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሦስተኛው ደረጃ ይደርሳል፤ ሰው የሚይዘው ይህ ነው። ይህ እጭ አይበላም። ያለፈው ደረጃ ቆዳው እንደ ሽፋን ለብሶት ይቀራል፣ እድገቱም ይቆማል። ከውስጥ ያጠራቀመውን ስብ ቀስ በቀስ እያነደደ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከተመቸው ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ እድገትን የሚመሩት ጂኖች አርፈዋል፤ ችግርን ለመቋቋምና ስብን ለመቆጠብ የሚያገለግሉት ነቅተዋል።

ይህን እጭ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አይረሳውም። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በላቦራቶሪ ሰገራውን እርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀብተን በሙቅ ቦታ ከሳምንት በላይ ካቆየነው በኋላ፣ ከሥር ካጠራቀመው ውኃ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ብዙዎቹ እንደ ቀጭን ክር ቀጥ ብለው ተኝተዋል። ጣቴን ከመስታወቱ ሥር አስጠግቼ ጥቂት ሳቆየው በጣቴ ሙቀት ብቻ መወራጨት ይጀምራሉ። ሜዳ ላይም እንዲሁ ነው። ጠዛ ባረፈበት ሣር ወይም በአፈር ቅንጣት ጫፍ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ሙቀትና ትንፋሽ ያሸታል። ባዶ እግር ሲያርፍበት ወቅቱ ተለወጠ ማለት ነው።

ያኔ የሚሆነውን ሳይንቲስቶች ያወቁት በአብዛኛው ከሁለት ወገን ነው። አንዱ የውሻ ሁክዎርም ነው፤ እጩን ሳህን ላይ በሰውነት ሙቀት ከውሻ ሴረም (ከረጋ ደም ከሚለይ ፈሳሽ) ጋር አቆይተው ቆዳ የነካ ያህል ያነቁታል። ሁለተኛው ሲ ኤሌጋንስ የተባለው በአፈር የሚኖር፣ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ትል ነው። የዚህ ትል ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። ሲ ኤሌጋንስ ምግብ ሲያጣ እድገቱን አቁሞ ሳይበላ የሚቆይበት የጥበቃ ደረጃ አለው፤ ከሁክዎርሙ ሦስተኛ እጭ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በዚያ ደረጃ እንዲቆይ የሚያደርገው ዳፍ-16 የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ከሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ሆኖ የጥበቃ ጂኖችን ያሠራል። ሁክዎርምም የዚህ አቻ አለው። ሙቀትና የሴረም ሽታ የእጩን የጭንቅላት ነርቮች ሲነኩ ሲጂኤምፒ የሚባል የመልእክት ሞለኪውል ይጨምራል፤ ከዚያ ኢንሱሊን መሰል መልእክት ይተላለፍና ዳፍ-16 ከኒውክለሱ ይወጣል። የጥበቃ ጂኖች ያርፋሉ፣ የእድገት ጂኖች ይነሳሉ፣ እጩም ሽፋኑን ጥሎ መብላት ይጀምራል። ሰው ሠራሽ ሲጂኤምፒ ብቻውን ሳህኑ ላይ ሲጨመርም እጩ ያለ ሴረም መብላት መጀመሩ የመንገዱን እውነተኛነት ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ነው።

እጩ ሲነቃ ወደ ውጭ የሚረጫቸው ፕሮቲኖችም አሉ። ኤኤስፒ የሚባሉት ቤተሰቦችና ሥጋን የሚፈታ አንድ ኢንዛይም በብዛት ይታያሉ። ቆዳው ላይ የሚሰማው ማሳከክና በጣቶች መካከል የሚወጣው ሽፍታ ሰውነት ለዚህ ወረራ የሚሰጠው ምላሽ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ የአባያችን ውኃ በሚደርስባት ካይሮ፣ አርተር ሎስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ እጭ ያለበት ውኃ በድንገት እጁ ላይ ፈሰሰበት። ቆዳው ቀላ፣ አሳከከው፤ ከሳምንታት በኋላ የገዛ ሰገራውን መርምሮ የሁክዎርም እንቁላል አገኘ። ትሉ በቆዳ እንደሚገባ የታወቀው እንዲህ ነው። ልብ ይበሉ፦ እጅ ላይ ነው የፈሰሰው። ሽንኩርት በእጅ የምትኮተኩት ሴት እግሯ ብቻ አይደለም በር የሚሆነው።

ከቆዳ በኋላ በደም ሥር ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ፣ ከዚያ ተውጦ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የጂኖቹ ሥራ እንደገና ይለወጣል፤ ለእህትዎ የሚከፋውም ይህኛው ነው። ደምን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ተራ በተራ ይመረታሉ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችም ይለቀቃሉ፤ ትሉ የነከሰበትን ትቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ቁስሉ መድማቱን የሚቀጥለው በዚህ ነው። ሰውን የሚይዙት ዋና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንሲሎስቶማ የሚባለው ደግሞ 0.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያስወጣል። 50 አንሲሎስቶማ ያለበት ሰው በወር 300 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያህል ደም ወደ አንጀቱ ያፈሳል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ብረት ተመልሶ ይገባል፤ ቢሆንም አንድ እርግዝና በጠቅላላው ወደ 1 ግራም ብረት ስለሚጠይቅ ሁለቱ አብረው ሲመጡ እናቲቱ ትደክማለች።

በቆዳ የሚገባ ሌላ ትል የሚያመጣው ቢልሃርዚያም ጣና ዳርቻ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ላንሳው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ አያለሁና። የቢልሃርዚያ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ጂኖቹ ከሞላ ጎደል ዝም ብለዋል። ቆዳ የሚበሳበትን ኢንዛይም ቀድሞ አምርቶ በእጢዎቹ ቋጥሮታል። ከገባ በኋላ ጅራቱን ይጥላል፣ ውጫዊ ሽፋኑን በጥቂት ሰዓት ይለውጣል፣ ጂኖቹም ያኔ ይነቃሉ። የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል የጎለመሰውን ትል ሲገድል ገና ሳምንታት ያስቆጠረውን ወጣት ትል በደንብ አይነካውም። አልቤንዳዞል ቢልሃርዚያን፣ ፕራዚኳንቴልም ሁክዎርምን አይፈውሱም። እህትዎ ከቦይ ወይም ከግድብ ውኃ የምትገባ ከሆነ ሰገራዋ ለሁለቱም ይታይ።

ታዲያ ኅዳር ላይ የተዋጠው መድኃኒት ለምን ያልሠራ መሰለ? ትሉ «ጂኑን ስለለወጠ» የሚለውን መጀመሪያ ልዝጋው። እውነተኛ የጂን ለውጥ የሚያመጣው መላመድ አለ፤ አልቤንዳዞል የሚያርፍበት ቤታ-ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን ጂን ላይ አንድ ፊደል ሲቀየር መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ይህ በበግና በፍየል ትሎች በዓለም ዙሪያ በሰፊው ታይቷል፤ በአሜሪካ የውሻ ሁክዎርም ላይም ተረጋግጧል። ይህ ግን በብዙ ትውልድ መካከል ተመርጦ የሚመጣ ነው እንጂ አንድ እጭ ቆዳ በነካ ሰዓት የሚሆን አይደለም። የእህትዎን ታሪክ ለማስረዳትም አያስፈልግም። አንድ ጊዜ የሚዋጥ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ሁክዎርም ካለባቸው 10 ሰዎች 7ቱን ወይም 8ቱን ያጸዳል፤ በቀሩት ላይ የትሉን ቁጥር ይቀንሳል። ሜቤንዳዞል የሚባለው ሌላ የትል መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ከዚህ እጅግ ይደክማል። በጉዞ ላይ ያሉ እጮች አንጀት ስላልደረሱ ያመልጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መድኃኒቱ የዛሬን ትል ይገድላል እንጂ የነገውን አይከለክልም። አዲስ የገባ እጭ እንቁላል እስኪጥል ከ5 እስከ 9 ሳምንት ይበቃዋል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት አራት ወር ነው።

እነዚያ አራት ወራት ደግሞ የመስኖ ወራት ናቸው። በፊት በጎጃም በጋው ራሱ ይረዳን ነበር፤ የተሰነጠቀ ደረቅ መሬትና ፀሐይ እጩን ይጨርሱታል። ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው ቆጋ የመራዊን ገበሬ ኑሮ ለውጧል፣ ይህን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ቀዩን አፈር ከኅዳር እስከ ሚያዝያም እርጥብ አድርጎታል። በቦዩ ዳር ቁጥቋጦ ሥር የሚጸዳዳ ሰው ካለ እጩ ሁሉም ነገር ተሟልቶለታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ጮቄ ተራራ ብርዱ እንቁላሉን አያሳድገውም፤ መራዊ ግን በቂ ሙቀት አላት። ስለዚህ የእኔ ግምት ዳግም መያዝ ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ሰገራ ስላልታየ በማስረጃ መለየት አይቻልም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይህ ስህተት እንዳይደገም እፈልጋለሁ።

ጂኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ላሉት፦ ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ የለም። ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ዳፋክሮኒክ አሲድ የሚባል የትል ሆርሞን ለእጮች ሲሰጥ፣ ገና ሰው ሳያገኙ ከጥበቃ ደረጃቸው እንደሚወጡ አሳይቷል። በአፈር ላይ ያለ ጊዜው የነቃ እጭ መከላከያውን ጥሏልና አይዘልቅም። ይህ እስካሁን የላቦራቶሪ እውቀት ነው። እጩ ሲነቃ የሚረጨውን ኤኤስፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ክትባት ለማድረግ ተሞክሮ ነበር። ትሉን አይተው በማያውቁ አሜሪካውያን ላይ ችግር አላመጣም። ብራዚል ውስጥ ቀድሞ ትሉ ይዟቸው በነበሩ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን መላ ሰውነት የሚሸፍን የአለርጂ እብጠት አስነሳና ቆመ፤ ሰውነታቸው በድሮው ትል ምክንያት ለፕሮቲኑ አለርጂ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ክትባቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው እንደ እህትዎ ያሉ ሰዎች ላይ ነው እንቅፋቱ የተገኘው፤ ያንን ሳነብ በጣም አዝኛለሁ። ሙከራው አሁን ወደ ጎለመሰው ትል ደም መፍጫ ኢንዛይሞች ዞሯል።

ስለ ኮሶ እናትዎን በአክብሮት ያስረዱልኝ። ኮሶ አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው የኮሶ ትል የተጠቀሙበት ነው፤ ለዚያ መሥራቱን እናውቃለን። ሁክዎርም ሌላ ፍጥረት ነው፣ በኮሶ አይወጣም። ኮሶ ክፉኛ ያስቀምጣል፣ ያስታውካል፣ ፅንስም ሊያስወርድ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር በፍጹም አይሰጥም። የበጉ አልቤንዳዞልም ስሙ አንድ ሆነ እንጂ መጠኑና ቅመማው ለበግ የተለካ ነው። «ይበረታል» የሚባለው ብርታት ገና አካሉ እየተሠራ ላለ ፅንስ አደጋ ነው።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። አልቤንዳዞሉ የእርግዝናው ሦስት ወር እስኪሞላ፣ ማለትም 13ኛው ሳምንት እስኪያልፍ ይቆይ፤ ከዚያ በነፍሰ ጡር ክትትሏ ላይ በባለሙያ እጅ 400 ሚሊ ግራም ትዋጥ። ሦስት ወር ሲሞላ መዘግየት ደግሞ ራሱ ጥፋት ነው፤ «እርጉዝ ነኝና ምንም አልውጥም» ብላ እስከ ወሊድ ደም እንዳትፈስ። የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብሉን ግን ዛሬውኑ ትጀምር፣ ትሉ እስኪወጣ አይጠበቅም። እንክብሉን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰድ፤ ብረቱን ይይዙባታል። በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ብትወስደው ይሻላል። ሰገራዋ ቢጠቁር ከእንክብሉ ነው፣ አትደንግጥ። «ጤፍ እየበላች ብረት እንዴት ያንሳታል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ በጤፉ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፣ ሰውነትም በደንብ አይወስደውም።

እጩ የሚነቃው ቆዳ ሲነካ ነውና ዛሬ በእጃችን ያለው መከላከያ ቆዳውን አለማስነካት ነው። በረባሶና ክፍት ነጠላ ጫማ ጭቃ ውስጥ አያድኑም፤ ጎማ ቦት ይገዛላት፣ ለኩትኮታ ደግሞ የጎማ ጓንት። እጩ በአፈር ላይ ወደ ጎን ብዙ አይጓዝም፣ ከተወለደበት ሰገራ ቅርብ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ በማሳው ዳር ጉድጓድ ሽንት ቤት መቆፈርና ሁሉም ሠራተኛ እንዲጠቀምበት ማድረግ ቦቱን ያህል ዋጋ አለው። ባሏም ይመርመርና ይታከም። የትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት ለልጆች ብቻ ስለሚሰጥ ትልቅ ሰው ማሳው ላይ እንቁላል መዝራቱን ይቀጥላል።

ስለ ምርመራው አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሰገራው በዚያው ጠዋት የወጣ ይሁን። ካደረ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ስትሮንጊሎይድስ ከሚባል ሌላ ትል ጋር ሊምታታ ይችላል፤ ያኛው ደግሞ በአንድ የአልቤንዳዞል እንክብል አይጠፋም። እንቁላል ለመቁጠር በሚያገለግለው በካቶ-ካትዝ ዘዴ የተዘጋጀ መስታወት ከሆነ ደግሞ በ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መነበብ አለበት፣ ከዚያ ካለፈ የሁክዎርም እንቁላል ይሟሟና «የለም» ተብሎ ይጻፋል። የእንቁላሉ ብዛት በቁጥር ይመዝገብላት። መድኃኒቱን ከዋጠች ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሰገራዋ እንደገና ይታይና ሁለቱ ቁጥሮች ይነጻጸሩ። ቁጥሩ እምብዛም ካልወረደ መድኃኒቱ ራሱ መጠርጠር ይጀምራል፣ ያኔ ውጤቱን ይላኩልኝ። ወርዶ ከወራት በኋላ ተመልሶ ከመጣ ግን ከማሳው ነው የመጣው።